ዘር ከልጓም ይስባልን?

ባለፈው ሰሞን በሥነ ጽሑፍ ክበባችን ምሽት አንድ ወዳጃችን አዲስ ድርሰቱን አነበበልን። ስሙን አልጠራም፤ እሱ ራሱን ያውቃል፣ አዳራሹ ውስጥ የነበራችሁም ታውቁታላችሁ። ድርሰቱ የልዕለ ጀግና ታሪክ ነው፤ ወደ ፊት ሥዕል ተጨምሮበት ኮሚክ እንዲሆን የታሰበ። ላልሰማችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ።

አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለዕረፍት ወደ ደሴ ሲሄድ አውቶቡሱ ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ተበላሽቶ ይቆማል። ልጁ ይወርድና በጨለማው ውስጥ ግድግዳውን እየዳበሰ ሲሄድ ከቅድመ አያቱ የወረደለት የብር አምባር ክንዱ ላይ ቦግ ይላል። ለካ ሰባተኛ አያቱ አንኮበር ላይ ከነገሡት ዘር ኖረዋል! ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጥይት አይበሳውም፤ ከገደል ገደል ይዘላል፤ የጣርማ በርን ጉም እንደ ጋቢ ይለብሳል። ጠላቱስ ማነው? ቀን ማረሻ ሲቀጠቅጥ እየዋለ ሌሊት ጅብ እየሆነ በይፋት ቆላ የሚዞር አንድ ባለ እጅ። እሱም ክፋቱን የወረሰው ከአባቱ ነው፤ አባቱም ከአባቱ። በመጨረሻ ጀግናው ጅቡን ሸዋ ሮቢት አጠገብ ይገድለዋል፣ ሕዝቡም እልል ይላል። አዳራሹም እልል አለ።

እኔ አላጨበጨብሁም። ስንወጣ «ምቀኝነት ነው» ያላችሁኝ አላችሁ። «ተረት ነው እኮ፣ ምን ያናድዳል?» ያላችሁኝም አላችሁ። ለሁለታችሁም መልሴ ይኸውና።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ልዕለ ጀግና የፈረንጅ ነው፣ ለእኛ አይሆንም ከሚሉት ወገን አይደለሁም። እኔም እንደናንተው በስልክ መስተዋት ላይ እነዚያን ፊልሞች ሳይ ነው ያነጋሁት። የብስራት ደበበ «ጀምበር» በ2010 ዓ.ም. አካባቢ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ሲወጣ ዲግሪ ይዞ ሥራ የሚፈልግ የአዲስ አበባ ልጅ የኮሚክ ጀግና ሆኖ ማየት ምን ያህል ደስ እንደሚል አውቃለሁ። ጠቤ ከጀግናው ጋር አይደለም። ከደሙ ጋር ነው። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ኃይሉ ከየት መጣ? «ከአባቱ» የሚል መልስ የሰጠ ደራሲ፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ አንድ ሌላ ነገር አብሮ ተናግሯል። እሱን ነው ላወጣው የምፈልገው።

ይህ መልስ በዓለም ላይ የቱን ያህል የተለመደ እንደ ሆነ እንይ። ሱፐርማን እ.ኤ.አ. በ1938 ሲወጣ ኃይሉን በትምህርት ወይም በድካም አላገኘውም፤ ከሌላ ዓለም ዘር ስለ ተወለደ ብቻ ነው። ከእሱ በሁለት ዓመት የሚቀድመው፣ ሊ ፎክ የፈጠረው ፋንተም ደግሞ አፍሪካ ጫካ ውስጥ የሚኖር ነጭ ነው፤ ጭምብሉ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ሃያ አንደኛው ትውልድ ላይ ደርሷል። «ብላክ ፓንተር» እ.ኤ.አ. በ1966 ተፈጠረ፣ በ2018 ፊልሙ ሲወጣ ሁላችንም ደረታችንን ነፋን። ነገር ግን እስቲ አስቡት፤ በቴክኒክ ዓለምን ሁሉ የሚበልጥ ሕዝብ መሪውን የሚመርጠው በንጉሥ ደምና ፏፏቴ ጫፍ ላይ በሚደረግ ትግል ነው! በራሪ መርከብ መሥራት የቻለ ሕዝብ የምርጫ ኮሮጆ መስፋት እንዴት አቃተው?

ይባስ ብሎ ደራሲዎቹ ከዚህ ለመውጣት ሲሞክሩ እንኳ ይመለሳሉ። «ስታር ዋርስ» እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው ክፍል ሬይ የምትባለው ልጅ ወላጆቿ ማንም እንዳልነበሩ ተነገራት። እኔ ያን ጊዜ ከመቀመጫዬ ልነሣ ምንም አልቀረኝም ነበር። በ2019 የመጣው ክፍል ግን የለም፣ የክፉው ንጉሠ ነገሥት የልጅ ልጅ ናት አለን። ብዙዎቻችሁ የምትወዱት የጃፓኑ «ናሩቶ»ም እንዲሁ ነው። መንደሩ ሁሉ የሚሸሸው ብቸኛ ልጅ ሆኖ ይጀምርና ቆይቶ የአራተኛው ሆካጌ ልጅ ሆኖ ይገኛል። የማንም ልጅ ያልሆነ ሰው ኃይለኛ ሲሆን ዓለም ይጨንቀዋል። ቶሎ ብሎ አባት ይፈልግለታል።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። እኛ ይህን ነገር ከሆሊውድ የተማርነው መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። በ14ኛው መቶ ዓመት በግእዝ የተጻፈው «ክብረ ነገሥት» ከአዳም አካል ተነሥቶ ከትውልድ ወደ ትውልድ በተመረጡት ሰዎች ውስጥ እየተላለፈ ስለሚሄድ አንድ ዕንቁ ይናገራል። የሃይማኖቱን ትርጓሜ ለባለቤቶቹ እተዋለሁ፤ እኔ የማየው መንግሥቱ የተጠቀመበትን ነው። ከሰሎሞንና ከማክዳ የተወለደው ምኒልክ፣ ከእሱም የሚወርደው ደም፣ የመግዛት ኃይል ያለው ደም ሆነ። ይህም ተረት ሆኖ አልቀረም፣ አንቀጽ ሆነ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዘውዱ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በሚወርደው፣ ሳይቋረጥም እስከ ምኒልክ ቀዳማዊና እስከ ሰሎሞን በሚደርሰው ዘር እንዲጸና ይደነግጋል። የንጉሠ ነገሥቱ አካል የተቀደሰ የሚሆንበትንም ምክንያት ሲቆጥር ከቅብዐቱ ጋር ደሙን ይጠቅሳል። አያችሁ? ልዕለ ደም በነጋሪት ጋዜጣ! ወዳጃችን አምባሩ ቦግ ያለበትን ልጅ ከራሱ አእምሮ የፈጠረው መስሎታል፤ እኔ ግን እስከ 1967 መስከረም ድረስ በሕግ የኖረ ገጸ ባሕርይ ነው እላለሁ።

ቦታውን መምረጡም ይገርማል። ጣርማ በር ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የተመለከተ ሰው፣ ጉሙ ከተገለጠለት፣ የይፋትን ቆላ ከእግሩ ሥር ያያል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ብርድ ተነሥቶ ደብረ ሲና ላይ ቆሎውን ገዝቶ የተጠማዘዘውን መንገድ ሲወርድ ሸዋ ሮቢት ላይ ሹራቡን ያወልቃል። እዚያ ታች እ.ኤ.አ. ከ1285 ጀምሮ የወላስማ ሡልጣኖች ገዙ፤ እነሱም ዘራቸውን የሚቆጥሩት ከነቢዩ ሙሐመድ ወገን ከቁረይሾች ነበር። ከላይ ደጋው ላይ ከ1270 ጀምሮ የይኩኖ አምላክ ልጆች ዘራቸውን ከሰሎሞን ቆጠሩ። ሁለት የተመረጡ ደሞች አንድ ገደል ከላይና ከታች ያዙት! በ1332 ዓፄ ዐምደ ጽዮንና ሰብረዲን ሲዋጉ ግን መሬት ላይ የፈሰሰው የማን ደም ነበር? ከየትም ዘር ያልተቆጠረለት የገበሬው፣ የእረኛውና የሸማኔው ደም ነበር። ይህን ደም አንድም ኮሚክ አምባር አያበራለትም።

እስካሁን ያልሁትን ብዙዎቻችሁ ትቀበሉት ይሆናል። «እሺ፣ ንጉሥ አናድርገው፣ ተራ ቤተሰብ ይሁን» ትሉኛላችሁ። ነገሩ ግን እዚያ አያበቃም። ሳንቲም ሁለት ገጽ አለው። አንድ ሰው በደሙ ከሌላው በላይ ሊሆን ይችላል ብለህ ካመንህ፣ ሌላው በደሙ ከሰው በታች ሊሆን እንደሚችል አምነሃል። አንዱን ፈርመህ ሌላውን አልፈርምም ማለት አትችልም። በአገራችን ደግሞ የሳንቲሙ የመጀመሪያ ገጽ ከዙፋን ከወረደ ሃምሳ ዓመት ሲያልፈው ሁለተኛው ገጽ ዛሬም ገበያ ላይ ይመነዘራል። ስሙ ቡዳ ይባላል።

ቡዳ የሚባለው ምንድን ነው? ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ በየቦታውም ሌላው ባለ እጅ፣ በዓይኑ ሰው ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ ይህንንም ከወላጆቹ ይወርሳል የሚል እምነት ነው። ልብ በሉ፤ ቅርጽ መለወጥ፣ በዓይን ማየት ብቻ መግደል፣ ከትውልድ ትውልድ መተላለፍ! ምንም ያልጎደለው ልዕለ ኃይል ነው። ኃይል ተብሎ የተሰጠው ግን ለመግፋት ነው። ጠይብ የሚለው ስድብ እንኳ የመጣው ጠቢብ ከሚለው ቃል ነው። ብልሃቱን አይተን ጠቢብ አልነው፤ ቀጥለን ብልሃቱን ፈራነው፤ ከዚያ ፍርሃታችንን በደሙ ውስጥ ጨመርንለት። ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው የሚሰድብ እኔን እንደ ሰደበ ይቆጠራል የሚል መንፈስ ያለው አዋጅ አወጡ። አዋጁ ካለፈ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ዛሬም እዚሁ አዲስ አበባ ቀጨኔ ያሉትን ሸክላ ሠሪዎች ሂዱና ጠይቋቸው።

ሩቅ መሄድ ካልፈለጋችሁ ግን እኔን ጠይቁኝ። እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። ከጣርማ በር ቁልቁል ባለ አንድ መንደር ነው የተወለድሁት፤ የመንደሩን ስም አልጽፍም፣ ከሌላው መንደር ስለማይከፋ። ይህን ሦስት ዓመት ሙሉ እዚህ ግቢ ውስጥ ለማንም አልተናገርሁም። አሁን ከጻፍሁት በኋላ ከእኔ ጋር ከአንድ ትሪ መብላት የሚቀፈው ሊኖር ይችላል፤ ይኑር። የድርሰቱ ጅብ ሲሞት እልል ስትሉ አጠገባችሁ ተቀምጬ የነበርሁት እኔ ነኝ።

ልጅ ሳለሁ ጎረቤት ሕፃን ሲታመም እናቴ በራችንን ዘግታ ትቀመጥ ነበር። ለምን እንደምትዘጋ አልገባኝም ነበር። ሕፃኑ ከዳነ ጠበሉ አዳነው፤ ካልዳነ እኛ በላነው። ቅዳሜ ግን ያው የሕፃኑ እናት ምጣድ ልትገዛ ትመጣለች። ምጣዱን በጣቷ ቋ ቋ አድርጋ፣ ድምፁን አዳምጣ፣ ዋጋ ተከራክራ ትወስዳለች። ቤቷ ወስዳ አሟሽታ እንጀራዋን ጋግራ ትበላለች። እንጀራቸው ሁሉ በእናቴ እጅ ላይ የተጋገረ ሆኖ በላች የምትባለው እናቴ ናት። ኧረ ለመሆኑ ማን ማንን በላ?

«ታዲያ ተረት ይህን ሁሉ ያደርጋል?» ላላችሁኝ የፋንተምን ነገር ላስታውሳችሁ። ፋንተም ከሰው የተለየ ጉልበት የለውም። ትልቁ ኃይሉ ሰዎቹ የማይሞት ነው ብለው ማመናቸው ነው። አባት ይሞታል፣ ልጅ ያንኑ ልብስ ይለብሳል፣ ያዩት ሁሉ «ያው እሱ ነው» ይላሉ። ደራሲው ሳያስበው እውነቱን ነግሮናል። የሚወረሰው ኃይል ያለው በወራሹ ደም ውስጥ አይደለም፤ በተመልካቹ ጭንቅላት ውስጥ ነው። የንጉሡም እንዲሁ ነበር። የቡዳውም እንዲሁ ነው። ያን ጭንቅላት የሚመግበው ደግሞ ተረት ነው፤ ተረት የሚጽፈው እኔና እናንተ ነን። ስለዚህ «ተረት ነው እኮ» ማለት ማምለጫ ሊሆን አይችልም።

ወዳጃችን በዕለቱ ሁለት መከላከያ አቅርቦ ነበር። ሁለቱም ቀላል አይደሉም፤ ስለዚህ በአግባቡ ልመልስ።

አንደኛው «ኤክስ ሜን»ን ጠቅሶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የተጀመሩት እነዚህ ሰዎች ልዩ ኃይል ይዘው ይወለዳሉ፣ በዚህም ይጠላሉ፣ ይሳደዳሉ፤ እንግዲያው በውልደት የሚገኝ ኃይል ለተገፉትም ድምፅ ይሆናል አለ። እውነት አለው። እኔም እነሱን ሳይ መጀመሪያ ያለቀስሁት በዚህ ምክንያት ነው። ደጋግሜ ሳስበው ግን አንድ ነገር ጎረበጠኝ። ታሪኩ ለተሳዳጁ የሚለው «አዎ፣ በደምህ ከሰው የተለየህ ነህ፤ ቢሆንም ጥሩ ሰው ልትሆን ትችላለህ» ነው። ይህን ወደ መንደራችን ብታመጡት ለእናቴ «አዎ፣ ጅብ ነሽ፤ ግን ደግ ጅብ ነሽ» እንደ ማለት ነው። እናቴ ደግ ጅብ መሆን አትፈልግም። ሰው መሆኗ እንዲታወቅና ምጣዷ ጥሩ ዋጋ እንዲያወጣ ብቻ ነው የምትፈልገው።

ሁለተኛው መከላከያው ጠንከር ያለ ነው። «ውርስን ካጠፋን ሥር አልባ ልንሆን ነው» አለ። ባሕር ማዶ ተወልዶ ያደገ የሐበሻ ልጅ የአያቱን አገር በኮሚክ ገጽ ላይ ሲያገኝ የሚሰማውን አስቡ አለን። አስቤዋለሁ። ያ ልጅ የሚፈልገው ግን በእርግጥ ደም ነው? ደሙንማ ይዞት ተወልዷል፣ ምንም አላደረገለትም። የጎደለው ቋንቋው፣ ተረቱ፣ የእናቱ ወጥ አሠራር፣ የአያቱ መሬት ሽታ ነው። እነዚህ ሁሉ ደግሞ በደም አይተላለፉም። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ማስተማር፣ ሌላው ቁጭ ብሎ መማር አለበት። ውርስ ይጥፋ አላልሁም። ውርስ በእጅ ነው እንጂ በደም አይደለም ነው ያልሁት።

እናቴ ሸክላ መሥራትን ከእናቷ ወረሰች ይላሉ። ግን እንዴት ወረሰች? የትኛው አፈር እንደሚሆን፣ የተሰበረ ገል ተፈጭቶ ምን ያህል እንደሚገባበት፣ ጭቃው ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ በምን ዓይነት ድንጋይ እንደሚለሰልስ፣ ጥላ ላይ እስከ መቼ እንደሚደርቅ፣ ኩበቱ እንዴት እንደሚደረደርና እሳቱ መቼ እንደሚበቃው ዓመታት ፈጅታ፣ ብዙ ምጣድ ሰብራ፣ ብዙ ጊዜ ተቆጥታ ነው የተማረችው። የደም ጉዳይ ቢሆን ኖሮ እኔም እችል ነበር። እኔ የሠራሁት ጀበና ግን እሳት በነካው ቁጥር ይፈነዳል! ከደሟ ተወልጄ ሙያዋ የለኝም። ባዕድ ልጅ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ቢማር ግን ይኖረዋል። ሙያ በልብ ነው የሚለው የአባቶቻችን ቃል «ዘር ከልጓም ይስባል» ከሚለው ጋር በአንድ አፍ እንዴት እንደ ኖረ ይገርመኛል። እኔ ከሁለቱ አንዱን መርጫለሁ።

የአገራችን ታሪክስ ቢሆን ለጀግና ደም ይጠይቃል እንዴ? ራስ አሉላ የተንቤን ገበሬ ልጅ ነበሩ፤ በጥር 1879 ዶጋሊ ላይ ጣሊያንን ሲደመስሱ አምባር አልበራላቸውም። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው የመጡ ነበሩ፤ የጦር ሚኒስትር ሆኑ። ባልቻ አባ ነፍሶም እንዲሁ ምርኮኛ ልጅ ነበሩ፤ በ1888 አድዋ ላይ መድፈኛ ሆነው ስማቸው ቀረ። ካሣ ኃይሉስ? በእናቱ ኮሶ ሻጭነት የተሰደበ ሰው በ1847 ዓ.ም. ዓፄ ቴዎድሮስ ተባለ፤ ያነገሠው አባቱ ሳይሆን ክንዱ ነው። እርግጥ ነው፣ ከነገሠ በኋላ እሱም ዘሩን ከሰሎሞን አስቆጠረ። ሬይንና ናሩቶን ያገኛቸው ነገር ቴዎድሮስንም ከመቶ ዓመት በፊት አግኝቶታል፤ አባት ተፈለገለት! ነገር ግን ኃይል ከየት እንደሚመጣ ልቡ ያውቅ ነበር። ጋፋት ላይ ምድጃ አስነድዶ መድፍ ያስቀለጠ ሰው ኃይል ከእሳትና ከባለ እጅ እንደሚወጣ ሳያውቅ አይቀርም። የወዳጃችን ድርሰት የገደለው ይህን ባለ እጅ ነው። ነገሥታት መድፍ ሲያምራቸው የሚፈልጉትን ሰው ገድሎ አምባር ያጠለቀውን አነገሠ።

እንግዲህ ምን ይሁን? ድርሰቱ ይቀደድ አላልሁም። ይስተካከል ነው የምለው። ያው ተማሪ፣ ያው አውቶቡስ፣ ያው ጣርማ በር ዋሻ ይሁን። ዋሻውን በጣሊያን ወረራ ዘመን ድንጋይ እየፈለፈሉ የሠሩት ሰዎች ስም የለሽ ስለ ሆኑ ኃይሉ ከእነሱ ይምጣ፤ ከአንድ ዘር ሳይሆን ከብዙ እጅ። ወይም ልጁ ሸዋ ሮቢት ወርዶ ከአንድ ቀጥቃጭ ዘንድ ዓመት ይቀመጥ፣ ወናፍ ይንፋ፣ እጁ ይቃጠል፣ ይማር። መጨረሻ ላይም ኃይሉን ለልጁ ሳይሆን መጥቶ ለጠየቀው ሁሉ ያስተምር። ጅቡስ? ጅብ ይኑር፤ ጅብ የሌለበት የይፋት ሌሊት የት አለ? ግን ጅብ ብቻ ይሁን፤ ጎህ ሲቀድ ሰው አይሁን።

ወዳጄ ሆይ፣ ብዕርህ ጥሩ ነው፤ ጥሩ ባይሆን ይህን ያህል አልደክምበትም ነበር። መጥፎ ድርሰት ማንንም አይጎዳም፣ ጥሩ ድርሰት ነው የሚያስፈራው፤ እልል ያስብላልና። ተሳስተሻል ወይም ተሳስተሃል የሚለኝ ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍ፣ እመልሳለሁ። እስከዚያው የመኝታ ክፍሌ በር ክፍት ነው። እናቴ የሠራችው ጀበና አለኝ፤ ቡና አፈላለሁ። ደም ይበልጣል የሚል ይምጣና ከዚያ ጀበና ጠጥቶ ይከራከረኝ።